ሽልንግ ከነምንዛሪው

በዘጠነኛው ቀን፣ በሌሊት፣ ቧንቧችን አስሎ ሲነቃ
ባልዲ አሰልፌ ቆምኩ፣ አንዲት ጠብታ እንዳትቀር በከንቱ ወድቃ።
«አንገረብ ጎደለ» ይባላል፤ እኔ ግድቡን አይቼው አላውቅም፤
ጎረቤት ልብሱን ያስባል፣ ጠላ ጠማቂዋ ጋኗን፤
እኔ የማስበው አንድ ነው፦ የትርንጎን ጭንቅላቷን።

መጀመሪያ ሽልንግ ታክል ነበር፣ ከጆሮዋ በስተኋላ፤
በሳምንቱ እኅት አበጀች፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ።
ጠጉሯ ከሥሩ ተሰባብሮ፣ ቃርሚያ ያለቀበት ማሳ፣
ጧት ጧት ቅርፊቱን እንደ ዱቄት ከትራሷ ላይ ሳነሣ።

ያላዘዘልኝ የለም።
«ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጥ» አሉኝ እማሆይ ዘርፌ በበኩላቸው፤
ቤት አከራዬ ፌጦ፤ ባጃጅ የሚነዳው ልጃቸው
«ላምባ» አለኝ፣ እየቀለደ እንዳይመስላችሁ፣ ከልቡ አዝኖ።
ሽንኩርቱን ሞከርኩ አንድ ማታ። ጩኸቷ ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ እስከዛሬ ተከድኖ።
ሁለተኛ!

ጤና ጣቢያ፣ ሲስተር አገሬ መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየች፤
«ቆረቆር ነው። ቅባት ብቻውን አይደርስበትም» አለች፤
«ከጠጉሩ ሥር ነው ያለው። የሚዋጥ ነው መድኃኒቱ፤
ቅባት ካለው ወተት ጋራ፣ ስምንት ሳምንት፣ በየዕለቱ።
ዳነች ብለህ እንዳታቆም» ብላኝ ነበር ስትሸኘኝ፤
በሦስተኛው ሳምንት ጠጉር ብቅ አለ፤ የዳነች መሰለኝ፤
አቆምኩ።
በወሩ ሽልንጉ ተመለሰ፣ ይዞ ምንዛሪውን፤
ተላጨች እንደገና፤ ጀመርን ከአንድ መቁጠሩን።

አሁን ማበጠሪያዋን እቀቅላለሁ፣ የትራሷን ልብስ፣ ቆቧን፤
ክኒኗን በማንኪያ ጀርባ ደቁሼ አሳስታለሁ አፏን።
ከተፋችው፣ ሸሚዜ ይድናል።
እናቷ ለሰሊጥ አጫጆች ልታበስል ወርዳለች መተማ፤
ስትደውል «ጠጉሯስ?» ነው የምትለኝ፣ ከሰላምታ ቀድማ።
«እየበቀለ ነው» እላለሁ። ሳልዋሽ፣ እውነቱንም ሳልጨርስ።
ቅዳሜ ገበያ «ማሙሽ» ይሏታል፣ ተላጭታ ሲያዩ፤
አላርማቸውም። ጉትቻዎቿ ይናገሩላት፣ ከታዩ።

ባርኔጣ ሰፊ ነኝ፣ አራዳ። የሰው ራስ ልኩ በእጄ ነው፤
የራሴን ግን ማንም አላየ፤ ቤትም ቆቤን የማላወልቅ ሰው።
ደምቢያ ሳለሁ፣ እሷን ሳክል፣ አባቴ የባትሪ ድንጋይ ወቅጦ
በቅቤ ለውሶ ቀባኝ፤ የሚያደርገው ቢያጣ፣ ልቡ ቀልጦ።
ቆረቆሩ ሄደ። ጠጉሩም አብሮት። መዳፍ የምታህል ጠባሳ
ከቆቤ ሥር አለች፣ ተማሪ ቤት የወጣልኝን ስም ሳትረሳ።
አባቴን አልወቅሰውም። እሱ ውሃ ነበረው፣ ከጓሮው ምንጭ፣ እንደልቡ፤
ሲስተር አገሬን ግን አላገኘም።

ዛሬ ሌሊት ባልዲው ሲንኳኳ ነቃች። ለብ ያለ ውሃ ስቀዳላት
ጎንበስ ስል ቆቤ ወደቀ፤ ያ ጠባሳ ፊት ለፊት መጣባት።
ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ከራሷ ላይ ቅባት በጣቷ ጠርጋ
የእኔን ቀባች፣ ልክ እንደማደርገው፣ በዝግታ፣ ዳር ዳሩን ፈልጋ።
«አለቀ፣ አለቀ» አለችኝ፣ እኔ ስቀባት የምላትን።

አላለቀም። አሥራ ዘጠኝ ቀን አለ፣ ግድግዳው ላይ፣ በጠመኔ።
ቧንቧው ሲደርቅ ሰማሁት። ባልዲዎቹ ሞልተዋል።
ቆቤን እዚያው፣ እርጥቡ ወለል ላይ፣ ተውኩት።
ለጊዜው። እስኪነጋ።